የቱርቦ ክሮም

«አያችሁ? ክሮም ማለት ይሄ ነው!» አሉ የወርክሾፑ መምህር፣ በጀልባዋ ቀኝ ጎን ጎንበስ ብለው። ከዚያ ወደ ግራው ጎን ዞሩና ፊታቸውን አጨፈገጉ። «የአንቺ ደግሞ ምን ነክቶት ነው? ፈንጣጣ የያዘው ፊት መሰለ እኮ!»

ተማሪው በሙሉ ሳቀ።

ቡሎን ግን አልሳቀችም። ቡሎን ያሏት አጭርና ድርቅ ያለች ስለሆነች ነው። ስሙን ያወጣላት ደግሞ ቱርቦ ነው፤ ምላሱ ከእግሩ የሚፈጥን የልብ ጓደኛዋ። አሁን እጆቹን ኪሱ ከትቶ፣ ከመምህሩ አጠገብ ቆሞ ይሽኮረመማል።

ጀልባዋ ከወላጆቻቸው በዕድሜ ትበልጣለች። ዕድሜያቸውን ውሃ ላይ የጨረሱት እማማ ካፒቴን ጡረታ ሲወጡ፣ ተማሪዎች እየጠገኑ እንዲማሩባት ለትምህርት ቤቱ ሰጧት። እንጨቱን ሌሎች ልጆች አደሱ። የክሮም ዕቃዎቹ፣ ማለትም እጀታዎቹና ገመድ የሚጠመጠምባቸው ባለ ሁለት ቀንድ ብረቶች፣ የግራዎቹ ለቡሎን፣ የቀኞቹ ለቱርቦ ደረሱ። ሁሉንም ዝገት በልቷቸው በትናንሽ ጉድጓዶች ተበሳስተው ነበር። ዛሬ ጀልባዋ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ዳር ባለው ሐይቅ ላይ ወርዳለች፤ ከሁለቱ ሥራው ያማረለት ከእማማ ካፒቴን ጎን ተቀምጦ መሪዋን ይይዛል። ቡሎን ያችን ቦታ እንዴት እንደተመኘቻት! በሕልሟ ሳይቀር ጀልባዋን ስትነዳ ነው የከረመችው።

ደግሞስ መች አረፈች? ከክፍል እንደወጣች በቀጥታ ወደ ወርክሾፕ ነበር። የምግብ መጠቅለያ ፎይል አጨማዳ፣ ውሃ እያስነካች፣ ክሮሙ እንዳይጫር ቀስ ብላ ዝገቱን ከየጉድጓዱ ስታወጣ የጣቶቿ ቆዳ ተሰነጣጠቀ። ዝገቱ ወጣ። ጉድጓዱ ግን ጉድጓድ ነው፤ የተበላውን ክሮም ከየት ታምጣው? ሰም ቀባችውና ተወችው። ንጹሕ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ግን ጠቃጠቆ አለበት።

ቱርቦስ? ቱርቦማ ኳስ ሲጫወት ከርሞ፣ ትናንት ጉድጓዶቹን በስቱኮ ደፈነና ብርማ ስፕሬይ ረጨባቸው። ጣሳውን ቦርሳው ውስጥ አይታለች። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ሲላት ስቃ አለፈችው፤ መምህሩ ይነቁበታል ብላ። የመምህሩ መነጽር ግን እንደወትሮው ግንባራቸው ላይ ነው።

«እንዴት ብታደርገው ነው እንዲህ የጠራልህ?» አሉት።

«በፎይልና በውሃ ነዋ፣ ቲቸር! ስፈገፍግ ስፈገፍግ ጣቴ ተላጠ እኮ!» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «እሷንም ጠንክረሽ ሥሪ ብያት ነበር። ትንሽ ሰነፈች መሰለኝ።»

ሰነፈች! የቡሎን ቆሽት አረረ። ስፕሬዩስ ይሁን፤ የራሱን ስንፍና አውልቆ ለሷ ማልበሱ ግን ምን የሚሉት ነው? የተላጠውስ የማን ጣት ነው?

«ቲቸር፣ እኔ…»

«ምክንያት አልፈልግም!» መምህሩ አቋረጧት። «መሪውን እሱ ይይዛል። ይልቅ እማማ እየመጡ ነው፣ ጀልባዋን እሰሪያት። በቀኝ በኩል ይሁን፤ መጀመሪያ የሚያምረውን ይዩ።» ይህን ብለው እንግዳዋን ለመቀበል ወደ ግቢው በር ሄዱ፤ ተማሪዎቹም ተከተሏቸው።

ቡሎን ገመዱን ከውሃው ሳበችው። አሸዋ የተጣበቀበት፣ ወፍራምና ሻካራ ገመድ ነው። ወደ ቀኙ ባለ ቀንድ ብረት ስትጠጋ ቱርቦ ክንዷን ያዛት። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል።

«በናትሽ እዚህ አትሰሪው» አለ በሹክሹክታ። «በግራ አድርጊው፣ በአንቺ በኩል።»

«ለምን?»

«አንቺ ደግሞ! ገመዱ ፈተግ ሲያደርገው ይላጣላ። የአንቺው ይችለዋል።»

የአንቺው ይችለዋል! ጉድ እኮ ነው! ሰው ፊት ሲሆን እሷ ሰነፍ፣ ሥራዋ ፈንጣጣ፤ ጀልባ ማሰር ሲመጣ ግን የሷው ይችላል! ለካ የሥራዋን ጥንካሬ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ኖሯል።

«ይህንኑ ለቲቸር ንገራቸው» አለች።

«ነገ እነግራቸዋለሁ፣ እናቴ ትሙት! ዛሬን ብቻ ሸፍኚኝ። ጓደኛዬ አይደለሽ?»

ናት። እግሯ የተሰበረ ጊዜ ቦርሳዋን የተሸከመላት ማን ሆነና! በግራ ብታስረው ማንም ምንም አያውቅም። እሱ መሪ ይይዛል፤ እሷ፣ ሰነፏ፣ ዳር ቆማ ታጨበጭባለች። ለምን ሲባል?

«የታለች ልጄ?» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል ተሰማ። እማማ ካፒቴን ናቸው፤ ልጄ የሚሉትም ጀልባዋን ነው።

ቡሎን መጮህ ትችል ነበር። ጣሳውን ከቦርሳው ጎትታ ማውጣትም ትችል ነበር። አላደረገችውም። የገመዱን ጫፍ የቱርቦ መዳፍ ላይ አኖረችና ጣቶቹን አጠፈችለት።

«የት እንደሚታሰር ቲቸር ተናግረዋል» አለችው። «የራስህን ራስህ እሰር።»

ከዚያ ጀልባዋ ላይ ወጥታ ወደ ግራው ጎን ተሻገረች፤ እጇንም ራሷ ያጸዳችው ባለ ቀንድ ብረት ላይ አሳረፈች። ጉድጓዶቹ ከጣቶቿ ሥር ይታወቋታል። ምላሱ ከእግሩ የሚፈጥነው ልጅ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ገመድ ታቅፎ፣ ዓይኑን ከቀኙ ብረት ወደ በሩ ያመላልሳል። የእማማ ካፒቴን እርምጃ እየቀረበ ነው። ቡሎን እጇን ሳታነሳ ጠበቀች።