ስፖንጅ የሌለው ትከሻ

ልብስ ሰፊ ጆሮ የለውም ብለው የሚያስቡ ሰዎች አሉ። አንዷ የአንዲት ደንበኛዬ እናት ናት። ሱቄ ገብታ ልጇን መስተዋቱ ፊት አቆመቻትና እኔን ሳይሆን የስፌት መኪናዬን እያየች ተናገረች።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚያገባት ኢንጂነር ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል። ቀሚሱ ደህና ተደርጎ ይሰፋ። የግራ ትከሻዋ ላይ ስፖንጅ ጨምርበት። ገባህ?»

«ገባኝ፣ እትዬ።»

«ሁላችሁም ገባኝ ነው የምትሉት። ከዚያ ጨርቁን ታበላሹታላችሁ።»

ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም፤ አባቴ ሞቶ ነው። ግን ይሄን ለማን ይነግሩታል?

እናትየዋ ስልክ ልታወራ ወጣች። ሜትሬን ይዤ ከልጅቷ ኋላ ቆምኩ። አከርካሪዋ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ትከሻዎቿ መሐል ሲደርስ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ወገቧ ላይ ወደ ግራ ይመለሳል። የቀኝ ትከሻዋ አጥንት ከፍ ብሎ ወጥቷል። እጄ አየር ላይ ቀረ።

«አትፍራ፣ አይሰበርም» አለች። «ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። አከርካሪ ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼ ሰሌዳውን ትተው እኔን ያያሉ።»

መሳቅ ይኑርብኝ አይኑርብኝ አላወቅኩም።

«ሜትሩን ከየት ነው የምትጀምረው?»

«አንገትሽን ስትደፊ ከምትወጣው ጉብታ።»

«ሰባተኛዋ የአንገት አጥንት ናት። ከእሷ በታች ጎድን የተያያዘባቸው አሥራ ሁለት አሉ፤ ከዚያ አምስት የወገብ።»

«አሥር ዓመት ያቺን ጉብታ ስነካ ስሟን የነገረኝ የለም» አልኳት።

በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝ። አየኋት። ሁለታችንም ቶሎ አላቀረቀርንም።

ለልክ ሦስት ጊዜ ብቻዋን መጣች። ሱቄ ውስጥ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ፈተና ታርማለች፤ እኔ ሥራ የያዝኩ መስዬ አንዱን ክር አሥር ጊዜ እቆርጣለሁ።

በሦስተኛው ቀን «ሰውየውን ትወጂዋለሽ?» አልኳት።

«ሁለት ጊዜ ነው የተገናኘነው። ሁለቱንም ጊዜ እናቴ ወፍራም ኮት አልብሳኛለች።» እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አንተ የምትለኝ ነገር የለም?»

ጠበቀችኝ። ኢንጂነር ለሚያገባት መምህርት ከሰባተኛ ክፍል የወጣ ሰፊ ምን ይላታል?

«እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሰፋው።»

ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች።

ንዴቴ በእናቷ ይሁን በኢንጂነሩ አላውቅም፤ መቀሴን አንስቼ ስፖንጁን ተረተርኩት። የጀርባውን ጨርቅ አከርካሪዋ በሚሄድበት መንገድ፣ አንዱን ጎን ሰፋ አንዱን ጠበብ አድርጌ እንደገና ቆረጥኩት። ቀሚሱን እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ጠዋት፣ ማስተካከያ ጊዜ እንዳይኖራቸው አድርጌ አጥፌ ላኩላቸው። ኢንጂነር ቀጥ ያለ ነገር ነው የሚወደው፤ ይይና ይሂድ አልኩ።

እንግዶቹ ከመጡ በአራተኛው ቀን መጣች። አልተቀመጠችም።

«እናቴ ልታብድ ነበር።»

«ሰውየውስ?»

«ከኋላዬ ሲሄድ አየ። ‹ያምሻል?› አለኝ። ሲደክመኝ አልኩት። ወንበር ሳበልኝ። በቃ።»

ለዚያ ወንበር ያለኝ ጥላቻ!

«እንዲሸሽ ፈልገህ ነው አይደል?» አለች።

«ቀሚሱ እንዲመችሽ ብዬ...»

«አትዋሸኝ! እንደሱ የተመቸኝ ልብስ የለም፤ አልክድም። ግን ጀርባዬን ማስፈራሪያ አደረግከው። እናቴ ደበቀችው፣ አንተ አሳየኸው፤ ሁለታችሁም አልጠየቃችሁኝም።»

«ስለምወድሽ ነው።»

ፊቷ ቀላ። «አሁን? ለአንድ ቀሚስ ሦስት ጊዜ መጣሁ። ሦስት ጊዜ! ጨርቁ ናፍቆኝ መሰለህ?»

«አሁንም እኮ...»

«አሁን ሌላ ሰው ጠየቀኝ፣ ቃል ሰጠሁ።»

ከቦርሳዋ ነጭ ጨርቅ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። የሠርግ ነው።

«ከተማው ውስጥ ሌላ ሰፊ ጠፋ?» ብዬ ጮህኩባት።

«ጀርባዬን የሚያውቅ የለም» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «ያለ ስፖንጅ።»

ወጣች።

ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ! እየጠላሁት እተኛ ነበር። ደህና ሰው ነው ይላሉ፤ ደብተሮቿን እሱ ነው አሉ የሚሸከምላት። እናትየዋ ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም አትለኝም፤ እኔም አልላትም። ልጅቷንም ቢሆን አልማርኳትም፤ እሷስ ለምን አልተናገረችም? ሴት ስለሆነች ነው እንዳልል አፏ ከእኔ አፍ ይበልጣል። ከሁሉም ግን ከዚያች በርጩማ ፊት ለፊት ቆሞ ምላሱን የዋጠውን ሰው ነው ይቅር የማልለው።

የሠርጉን ቀሚስ ሰፋሁት። ላበላሸው ስንት ጊዜ እያሰብኩ፣ አንዲት ስፌት እንኳ አላጣመምኩባትም። ይሄም ያናድደኛል።