የሰባት ቁጥር ፎቶ

የአሶሳ ፎቶ አንሺዎች ክበብ ሊቀመንበር መምህር እንዳለ፣ ለእሁዱ ውድድር በስም ፈንታ ቁጥር ለጥፎ በገዛ እጁ ከሰቀላቸው አሥራ አራት ፎቶዎች ሥር ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ማጅራቱን ተመትቷል። አጠገቡ የወደቀው የብረት የካሜራ ስታንድ የኡርጂ ነበር። ኡርጂ ደግሞ ያን ዕለት ጠዋት፣ አባላቱ ሁሉ እየሰሙ፣ «ፎቶዬ ላይ የሰው ቁጥር ለጥፈውበታል!» ብላ ጮኻበታለች። ፖሊስ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልጋል? ማታውኑ አሰራት።

ኢንስፔክተር የወርቅውሃ ለሌላ ጉዳይ ከሄደችበት ባምባሲ የተመለሰችው ሰኞ ጠዋት ነው። ጣቢያው በር ላይ የኡርጂ እናት የሰባት ወር የልጅ ልጇን ታቅፋ ቆማለች።

«ያ ረቢ! ልታጠባት ነው ያመጣኋት» አለች። «ልጄ ሰው አልገደለችም። ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቷን ነው የምታዞር። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ፍርድ ቤት ያቀርቧታል አሉኝ። እንግዲህ ይቺን ምን ላርጋት?»

የወርቅውሃ ሕፃኗን ተቀብላ ታቀፈቻት። ይዛት ወደ ኡርጂ ገባች።

«ስታንዱ ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው። ተናድጄ ስወጣ እዚያው ረሳሁት።»

«ምን አናደደሽ?»

«ሰባት ቁጥርን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ኅዳር ላይ፣ ጋሽ ሰራዊት ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ በእሳቸው ካሜራ። እኔ ግን ለውድድር አላስገባሁትም። ‹ማን አስገባው?› ብላቸው መምህር፣ ‹ስም እስከ እሁድ አይነገርም› አሉኝ።»

«ማስረጃ አለሽ?»

«ምንም የለኝም» አለች ኡርጂ፤ እንባዋ ሕፃኗ ራስ ላይ ወረደ።

የክበቡ ቤት ጠባብ ናት። ጥበቃው ታረቀኝ፣ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ በልጅነቱ የመጣ ሰው፣ በሩን ከፈተላት።

«ዘጠኝ ተኩል ላይ በሕይወት ነበር፣ ሻይ ሰጥቼዋለሁ» አለ። «ከዚያ ሱቅ ድረስ ወጣሁ። እግሬን በሰበረው ኖሮ! አሥራ አንድ ላይ ስመለስ እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ።»

«ጋሽ ታረቀኝ፣ ፎቶዎቹ ጥግ ላይ የታተመው ሰዓት ምንድን ነው?»

«የመምህር ሕግ ነዋ! ካቻምና አንዱ የጥንት ፎቶ አምጥቶ ሸልሙኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ቀንና ሰዓት ያልታተመበት አይሰቀልም። ያውም በሀበሻ ሰዓት! መምህር የእጅ ሰዓቱን እያየ የእያንዳንዱን ካሜራ ሰዓት ራሱ ነበር የሚሞላው።»

«የሁሉንም?»

«የሁሉንም። ምክትላችን ሰራዊት ብቻ ሠርግ እየበዛበት ነገ፣ ነገ ሲል ሳያስሞላ ኖረ፤ መምህርም ታገሠው።»

የወርቅውሃ ሰባት ቁጥር ፊት ቆመች። ቀርከሃ የተሸከመች ሴት፣ ከኋላዋ ልትጠልቅ የደረሰች ፀሐይ። ፎቶዋ ታምራለች፤ እውነት ለመናገር ሌሎቹ አጠገቧም አይደርሱ። ጥጉ ላይ 18:12 ይላል። ቁጥሩን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና ወደ ሰራዊት ፎቶ ቤት ሄደች።

ሰራዊት በፈገግታ ተቀበላት።

«ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ሆሞሻ። ገበያ ሳነሣ ዋልኩ። ይኸው ይመልከቱ።» ካሜራውን አቀበላት። የገበያው ፎቶ ላይ የቅዳሜ ቀንና 10:10 ታትሟል። ሰማዩ ደመና ስለ ነበር ጥላ እንኳ የለውም። ከሆሞሻ አሶሳ ደግሞ በመኪናም ሰዓት የሚጠጋ መንገድ ነው።

«ሌላ ካሜራ አለዎት?»

«አንድ ነው ያለኝ። አራት ዓመት ሠርቼበታለሁ።»

«ሰባት ቁጥርንስ ማን አነሣው?»

«እኔ ነኛ! በዚሁ ካሜራ።»

የወርቅውሃ አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ በመጠየቅ የታወቀች ነች። «በዚሁ ካሜራ?»

«በዚሁ አልኩዎት እኮ!» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም ክበቡ ቤት ሰበሰበቻቸው። ኡርጂ በፖሊስ ታጅባ መጣች፤ እናቷ ሕፃኗን ይዛ በሩ ላይ ቀረች። ታረቀኝ ቆቡን አውልቆ ቆመ። ሰራዊት ካሜራው አንገቱ ላይ ነበር።

«አቶ ሰራዊት ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ሆሞሻ ነበርኩ ይላሉ» ስትል ጀመረች። «ፎቶው 10:10 ይላል። የክበቡ ካሜራ በሀበሻ ሰዓት ነው የሚሞላው፤ ስለዚህ ያየው ሁሉ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ከአሥር ነው ብሎ ያምናል። እኔም ላምን ምንም አልቀረኝ።» ወደ ግድግዳው ዞረች። «በዚሁ ካሜራ ተነሣ የተባለው ሰባት ቁጥር ግን 18:12 ይላል። ጋሽ ታረቀኝ፣ በሀበሻ አሥራ ስምንት ሰዓት የሚባል ነገር ያውቃሉ?»

«ኧረ እኔስ ሰምቼም አላውቅ!»

«የለማ! አሥራ ስምንት ያለው በፈረንጅ ቆጠራ ነው፤ የእኛ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። እንዳለ ሰዓቱን ያልሞላው ይህ ካሜራ የሚቆጥረው በፈረንጅ ከሆነ፣ የሆሞሻው 10:10 የእኛ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ነው። አቶ ሰራዊት ጠዋት ሆሞሻ ነበሩ። እንዳለ እስኪሞት ግን አሶሳ ለመመለስ ሰፊ ጊዜ ነበራቸው።»

ሰራዊት ካሜራውን በእጁ ሸፈነ። «ያኛው... ያኛው በዚህ ካሜራ አልተነሣም!»

«የእርስዎ ፎቶ አይደለም?»

«አይደለም! ኡርጂ ናት ያነሣችው! ሰባት ቁጥር የኡርጂ ነው!»

ኡርጂ ቀስ ብላ፣ «በዚሁ ካሜራ ነበር ያነሣሁት፣ ጋሽ ሰራዊት» አለች። «ማሰሪያው የተሰፋው በእኔ እጅ ነው፤ ይዩት።»

ሰራዊት ማሰሪያውን አላየም። ያገኘው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

የወርቅውሃ ፖሊስ ከመምህሩ ኪስ አግኝቶ ፊርማ የለውም ብሎ የተወውን ወረቀት አውጥታ አነበበች። «‹በስሜ የገባው ሰባት ቁጥር ፎቶ የኡርጂ ነው።› በእንዳለ እጅ ጽሑፍ ነው። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው፤ የማን ስም እንደሚገባበት ያወቅሁት ዛሬ ‹እኔ ነኛ› ሲሉኝ ነው። ቅዳሜ የጠራዎት ይህን እንዲፈርሙለት ነው። አሁን በሰው ፊት የተናገሩትን፣ አቶ ሰራዊት። ሌላ ምንም አልጠየቀዎትም።»

«እሁድ ሰው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር» አለ ሰራዊት ፊቱን በእጁ ሸፍኖ። «አሠሪዋ እኮ ነበርኩ። ስታንዱ እጄ ላይ ነበር... እኔ እንጃ።»

ታረቀኝ ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ።

ፖሊሱ ኡርጂን ለቀቃት። ሰባት ቁጥርን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። በሩ ላይ ልጇ እያለቀሰች ነበር፤ ወደ እሷ ሮጠች።