በኮርቻ ላይ አንቱታ የለም

ትርርርርር…

ድምፁ የመጣው ከጉም ውስጥ ነው። ሳይክሉም ነጂውም ገና አይታዩም። ፔዳል ቆሞ ጎማ ብቻውን ሲንከባለል የኋላው ጥርስ የሚያሰማው ትርርታ ብቻ በመናፈሻው ቁልቁለት እየጎላ ወረደ። በመናፈሻው በር ሳይክሉ ላይ እንዳለ አንድ እግሩን መሬት ተክሎ የቆመው ሰዓት ጠጋኝ ድንገት ቀና አለ። እንዲህ የሚጮህ ጎማ የነበረው በሕይወቱ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱን ካናገረው ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

ጉሙን ሰንጥቃ የወጣችው ግን የእህቱ ልጅ ነበረች።

«ጋሼ፣ አረፈድኩ እንዴ?»

«ይሄን ጎማ ከየት አመጣሽው?»

«ከአሮጌ ዕቃ ተራ። ደወል ከምገዛ ብዬ ነው። ይኸው ሰፈሩን ሁሉ ቀስቅሼ መጣሁ።»

ልብስ ሰፊ ናት። ሳምንቱን ሙሉ እግሯ ከስፌት መኪናው ፔዳል አይወርድም። ዛሬ በእረፍት ቀኗ «ትንሽ ለውጥ ያስፈልገኛል» ብላ ሌላ ፔዳል ልትረግጥ ስትወጣ፣ እናቷ በር ላይ ቆማ እስኪያስላት ድረስ ስቃባታለች።

ሰዓት ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ ጎማዋን በአውራ ጣቱ ተጫነው። «በጣም ነፍተሽዋል። ኮረኮንች የተነፋ ነገር አይወድም፤ ሰውም ቢሆን ይጥለዋል።» ከሁለቱም ጎማ ፍስስ አድርጎ አየር ለቀቀላት።

መንገዱ ስድሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። መናፈሻውን ዞሮ፣ ጫካውን ሰንጥቆ፣ በቦዩ ዳር እስከ ውሃ በሩ፣ እስከ ቦዩ መዝጊያ፣ ይዘልቃል፤ ሁሉም ጠጠር። ድሮ በየእሁዱ ይጋልበው የነበረው ቆቅ ከሚሉት ጓደኛው ጋር ነው። ቆቅ የተባለው ኮሽታ ስለማያመልጠው ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ታዲያ ሰዓት ጠጋኙ ጫካው ውስጥ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ቆቅ ዞሮ ሳያየው ሄደ። የጫካ ጠባቂዎች ያገኙት አምስት ሰዓት ሙሉ ከተጋደመ በኋላ፣ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሮ ነው። ቆቅ ሆስፒታል መጥቶ «ቦዩ ዳር እኮ ጠበቅኩህ» ሲለው ሰዓት ጠጋኙ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ለማሠራት ለመጣ ሁሉ «ጥሎኝ ሄደ» እያለ አወራ። ወሬው ቆቅን ከሳይክል ማኅበሩ አስወጣው፤ አብሮት የሚነዳ ጠፋ። እሱም በቦዩ ጫፍ የውሃ በር ጠባቂነት ተቀጥሮ እዚያው ቀረ።

ባለፈው ሐሙስ ከውሃ ሥራ መሥሪያ ቤት የመጣ ደንበኛ ቆቅ ወደ ሩቅ ግድብ መዛወሩን ነገረው። ዛሬ፣ እሁድ አስር ሰዓት ላይ፣ መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ሰዓት ጠጋኙ የያዘውን ጉጠት አስቀመጠ። «ለምን ጥለኸኝ ሄድክ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ ካልተጠየቀ መቼም አይጠየቅም።

«በአውቶቡስ ሄደው ቢጠይቋቸውስ ጋሼ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«በአውቶቡስ የሄደ ጥያቄ ባዶውን ይመለሳል። ያቋረጥኩትን መንገድ ጨርሼ፣ ፊቱ ቆሜ ነው የምጠይቀው። ቅደሚ! በየመታጠፊያው የፊተኛው ይጠራል፣ የኋለኛው ይመልሳል። ደንቡ ይሄ ነው።»

ጉሙ ውስጥ ገቡ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ከፊት ጮኸች።

«አሉ?»

«ምን አሉ? ማን አለ?» ሰዓት ጠጋኙ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። «የጎረቤት ወሬ ነው እንዴ የምታወሪው? በኮርቻ ላይ አንቱታ የለም! አለህ በይ!»

«እማዬ ብትሰማኝ ትገድለኛለች!»

«እማዬ የለችም። በይ!»

«አለህ?»

«አለሁ!»

መናፈሻውን ሳይጨርሱ ጉሙ ዝናብ ሆነ። መጀመሪያ አካፋ፣ ከዚያ ወረደ። ጠጠሩ ከጎማ ስር እየተፈናጠረ ቅልጥማቸውን ገረፈው። ከመናፈሻው ሐይቅ የሚወጣው ጅረት ሞልቶ የእንጨት ድልድዩን ውጦታል። ሳይክላቸውን ትከሻቸው ላይ ጭነው እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ውሃው የሰዓት ጠጋኙን ደካማ እግር ደጋግሞ ጎተተው፤ እሱም ጥርሱን ነክሶ ደጋግሞ ተከለው።

«እንመለስ?» አለች፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ።

«የመጣንበትም እኮ ውሃ ነው። ወደፊት!»

ጫካው በዳገት ተቀበላቸው። ሥሩ እንደ ጅማት መንገዱ ላይ ተገትሯል፤ ዛፉ ከዝናቡ በኋላ በራሱ ጊዜ ይዘንባል። ከኮርቻ ተነስተው ፔዳሉን እየደፈጠጡ ወጡ። ጫፉ ላይ መንገዱ ሦስት ጥዶችን ተጠግቶ ይታጠፍና ረጅሙን ቁልቁለት ይጀምራል። በስተግራ ፈፋ አለ። ሰዓት ጠጋኙ ቦታውን ከማየቱ በፊት እግሩ አወቀው።

ልጅቷ ታጠፈች። እሱ ሊከተላት ሲል ቁጥቋጦው ተሰነጠቀና አንዲት ከርከሮ አምስት ግልገሎቿን አስከትላ መንገዱ መሃል ወጣች። ጥርሷን አፋጨች። ፍሬኑን ጨመቀ። ከርከሮዋ ግንባሯን ደፍታ ተወረወረች፤ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ፤ የፊት ጎማው ሥር መታ። ሰማይና ጭቃ ሁለት ጊዜ ቦታ ተለዋወጡ። ፈፋው ውስጥ በጀርባው አረፈ። ሳይክሉ ላዩ ላይ ወደቀ፤ ያው ድሮ የተሰበረው ግራ እግሩ በብረቱና በድንጋይ መካከል ተጣበቀ። ከላይ ከርከሮዋ አፈሩን ቆፍራ፣ አጉረምርማ፣ ግልገሎቿን ይዛ ሄደች።

«አለህ?» አለ ከመታጠፊያው ማዶ የልጅቷ ድምፅ።

«አለሁ!» አለ አፉ።

እሱ አላሰበውም። አፉ ነው ያለው። ትርርርታው ቁልቁለቱን ይዞ ወረደ፤ ቀጠነ።

ሰዓት ጠጋኙ እንደተጋደመ ደረቀ። ያን ቀንም እንዲህ ነበር። ያው ፈፋ፣ ያው የሚርቅ ድምፅ። ቆቅ ጠርቶት ነበር። ኮሽታ የማያመልጠው ቆቅ አንዴ ጠርቶ አልበቃው ብሎ ደግሞ ጠራው፣ «አለህ ወይ?» እሱም አጥንቱ ተሰብሮ፣ ጭቃውን ሳያራግፍ ላለመታየት ሲል፣ ሁለቱንም ጊዜ «አለሁ!» ብሏል። ረስቶት አልነበረም። ደንበኛ ጥሎት እንደሄደ ሰዓት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ቆልፎበት ነው።

ትርርርታው ሊጠፋ ነው።

«የለሁም!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ተሰነጠቀ። «የለሁም! ነይ! የለሁም!»

ሳይክሏን ጥላ በእግሯ እየሮጠች መጣች። ከላይ ቁልቁል አይታው እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ጋሼ! የሌለ ሰው እንዲህ ይጮሃል እንዴ? አሁን አለሁ አላሉኝም?»

«ዋሸሁሽ» አለ። «እሱንም እንዲሁ ዋሽቼዋለሁ።»

ብረቱን አንስታ አወጣችው። እግሩ አልተሰበረም፤ ግን ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። የፊት ጎማው ደግሞ እንደ ሰከረ ይወላገዳል። ስምንት ሰዓት አልፏል። የቀረው ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው።

«እዚህ ይጠብቁኝ፣ ሰው ልጥራ።»

«አይሆንም። ጠዋት ልጠይቀው ነበር የምሄደው፤ አሁን የምነግረው አለኝ። ጥያቄ ቢቀር ይቀራል፤ ይሄ ግን አይቀርም።»

ሳይክሉን ገልብጦ አቆመ። የፊት ጎማውን እያሽከረከረ፣ በየዘንጉ ላይ ያለችውን ብሎን አንዷን ሩብ ዙር ሲያጠብቅ ተቃራኒዋን ሲያላላ፣ ጣቶቹ ሃያ ዓመት ሙሉ የደቃቅ ሰዓት ሆድ ሲያቃኑ የኖሩ ጣቶች ናቸውና ጎማው ቀስ በቀስ ከስካሩ ነቃ። እሷ በሻርፗ ቁርጭምጭሚቱን አሰረችለት፤ ልብስ ሰፊ ናትና መርፌ ከኪሷ አይጠፋም፤ ጫፉን በሁለት ስፌት አያያዘችው። ቀጠሉ። ግራ እግሩ ፔዳሉ ላይ ያርፋል እንጂ አይሠራም፤ የሚረግጠው ቀኙ ነው።

ቦዩ ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ወጣች። መንገዱ ከውሃው ጋር እኩል ይሄዳል፤ ስፋቱ ለሁለት ሰው አይበቃም። ከኋላ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ አራት ወጣቶች እንደ ንብ እየጮሁ ደረሱባቸው።

«መንገድ ልቀቁ! ሙዚየም ዛሬ ክፍት ነው እንዴ?» አለ አንዱ፣ የሰዓት ጠጋኙን አሮጌ ሳይክል አይቶ። በክርናቸው እየገፉ አለፉ። ልጅቷ ለጥቂት ውሃ ውስጥ ከመግባት ተረፈች።

«ጎማቸውን አየሽው?» አለ ሰዓት ጠጋኙ። «ለአስፋልት ነው የነፉት።»

ሦስት ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ ቀልደኛውን አገኙት። ቦዩ ውስጥ እስከ ደረቱ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ሳይክሉን ይዞ፣ በሌላው የሚያሟልጨውን የድንጋይ ግድግዳ ይቧጥጣል። ጓደኞቹ በርቀት እንደ ነጥብ ይታያሉ።

«ደህና ነኝ! ደህና ነኝ፣ እለፉ!» አለ፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

ልጅቷ ሰዓቷን አየች። «ጋሼ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው ያለን። ደህና ነኝ ብሏል እኮ።»

ሰዓት ጠጋኙ ፍሬን ያዘ። «ደህና ነኝ ያለ ሰው ነው የሚያስፈራው።»

ቀበቶውን ፈትቶ ወረወረለት። ሁለቱ ተጋግዘው መጀመሪያ ሳይክሉን፣ ከዚያ ልጁን አወጡ። አስራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ወጣቱ ጠጠሩ ላይ ተንበርክኮ አሳለና ቀና ብሎ «ስለ ሙዚየሙ ይቅርታ» አለ።

«ጎማህን አስተንፍሰው» አለው ሰዓት ጠጋኙ። በአንድ እግሩ ተነሳ፣ ረገጠ። ረገጠ። ሳንባው ተቃጠለ፣ ጠጠሩ ጮኸ፣ ቦዩ ወደ ኋላ ሮጠ።

የውሃ በሩ ላይ ሲደርሱ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ከኋላው ሻንጣ፣ ፍራሽና አንድ ሳይክል ተጭኗል። ቆቅ ጀርባውን ሰጥቶ የበሩን መዘውር ለመጨረሻ ጊዜ ግራሶ እየቀባ ነበር። ከመዞሩ በፊት ተናገረ።

«ቀኝ እግር ብቻ ነው የሚረግጠው።»

«አዎ» አለ ሰዓት ጠጋኙ። ከሳይክሉ ሳይወርድ፣ ትንፋሹ ሳይሰበሰብ ተናገረው። «ያን ቀን ጠርተኸኛል። ሁለት ጊዜ። እግሬ ተሰብሮ አለሁ ያልኩህ እኔ ነኝ። ከዚያ ጥሎኝ ሄደ ብዬ ለሰው ሁሉ ያወራሁትም እኔው ነኝ። ዘጠኝ ዓመት አውቄ ዝም አልኩ።»

ውሃው በበሩ ስር ይንፏፏል። ቆቅ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣት በጣት፣ እስከ ጥፍሩ። መጣና ጎንበስ ብሎ የሰዓት ጠጋኙን የፊት ጎማ ብድግ አድርጎ አሽከረከረው። እስኪቆም አየው።

«ማን አቃናው?»

«እኔ።»

«ደህና ነው።»

ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ። ቆቅ የበሩን ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። ወደ መኪናው ሄደ፤ ሻንጣውን አልነካም፤ ሳይክሉን አወረደ። ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ ትንሽ አስተነፈሰው፣ ወጣበት። ፊቱን ያዞረው ወደ አስፋልቱ አይደለም፤ እነሱ ወደመጡበት ኮረኮንች፣ ወደ ጫካው፣ አብሮት የሚነዳ ወዳጣበት መንገድ ነው።

«ኧረ ሰውዬ፣ ወዴት ነው?» አለ ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ።

«ይጥሯቸው እንጂ ጋሼ!»

ሰዓት ጠጋኙ አልጠራውም፤ በደንቡ የሚጠራው የፊተኛው ነው። ትርርርታው የበሩን ቁልቁለት ወረደ፣ በቦዩ ዳር ተዘረጋ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ቆመ። ሰዓት ጠጋኙ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ «አለህ?» ብሎ የጠየቀው ግን የለም። ከዚያ ድምፁ እንደገና ተነሳ፣ ቀጠነ፣ ከውሃው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ።