ያልነደደው ሽቦ

እሸቴን ከውኃ ታንኩ ሆድ ሲያወጡት የብየዳ ጭንብሉ ገና ፊቱ ላይ ነበር። ሰመራ በዚያ ቀትርም እንደ ልማዷ በነፋስና በአቧራ ትናጥ ነበር። ኢንስፔክተር ንጋትወርቅ ጭንብሉን በገዛ እጇ አነሳችው፤ የሟቹን ዓይኖች ከድና ቀና አለች።

«የራሱ ጥፋት ነው» አለ የሥራው ኃላፊ አቶ ታዴዎስ፣ ሳይጠየቅ፣ ጮክ ብሎ። «በጋዝ ሲበይድ ማራገቢያውን ሳያስነሳ ገባ፤ ጋዙ አፈነው። ስንቴ ተናግሬያለሁ! እነዚህ ሰዎች መቼ ይሰማሉ?»

የሟቹ ሚስት ተስፋነሽ አጥሩ ጋ ቆማለች። ከዱብቲ የጥጥ እርሻ በሚኒባስ የመጣችው ከነሥራ ሽርጧ ነው።

«እትዬ፣ ባሌ ዕድሜውን በሙሉ በያጅ ነበር። በዝርክርክነቱ ሞተ ብለው ሊቀብሩብኝ ነው። ልጆቹ ይህን እየሰሙ ይደጉ? ጥፋቱ የሱ ከሆነ ይንገሩኝ። ካልሆነ ግን እንዲህ ተብሎ አይቀበርም።»

«ሳላጣራ አይቀበርም» አለች ንጋትወርቅ። ጥፋቱ ሁልጊዜ መልስ መስጠት በማይችለው ሰው ላይ መጣሉ አንገበገባት።

ታንኩ እስኪናፈስ ጠብቃ ገባች። እሸቴ የጀመረው የብየዳ መስመር ወለሉ ላይ አለ፤ ግራና ቀኙ ጥላሸት ለብሷል፣ ፍንጣሪው እንደ ኩፍኝ ዙሪያውን ወርሶታል። ውጭ የቆመው የብየዳ ማሽን ላይ የሽቦ ጥቅል ተገጥሟል፤ አጠገቡ ያለው የጋዝ ሲሊንደር ባዶ ነው።

የጥራት ተቆጣጣሪዋን ኢንጂነር ፋሪሃን ጠራቻት።

«ሁለት ዓይነት ሽቦ አላችሁ አሉ። ልዩነቱን አስረጂኝ።»

«አንዱ ከሲሊንደር ጋዝ ይፈልጋል። ጋዙ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይከልለዋል። ብየዳው ንጹሕ ነው፤ ግን ነፋስ አይችልም። ሌላው ከለላውን በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ውስጡ ያለው ዱቄት ሲነድ ራሱ ብረቱን ይጠብቀዋል። ሲሊንደር አያሻውም፣ ነፋስም ይችላል። ጭሱና ፍንጣሪው ግን አይጣል ነው።»

«የታንኩ ውጭስ በየትኛው ተበየደ?»

ፋሪሃ አቀረቀረች። «በጋዙ። በዚህ ነፋስ! እሸቴ ‹የብየዳው ውስጥ ወንፊት ነው፣ ቆርጬ ላሳይሽ› ብሎኝ ነበር። እኔ ያለፍኩት ቀለም ከተቀባ በኋላ አይቼ ነው። ወላሂ፣ እንጀራዬን ባጣም ይቆረጥ ብዬዋለሁ።»

«ሽቦ ሲቀየር ምን ይደረጋል?»

«ጥቅሉ ይለወጣል፣ የማሽኑ ገመዶችም ይገለበጣሉ። አንዱ ሽቦ በፖዘቲቭ፣ ሌላው በኔጌቲቭ ነው የሚሠራው።»

ሁለተኛው በያጅ ካሕሳይ፣ ትናንት ከእሸቴ ጋር ሲሰዳደብ ተሰምቷል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«‹ዝም በል፣ ከሥራ ታስወጣናለህ› አልኩት። ‹ታንኩ ሲፈነዳ ዋኝተህ ትወጣለህ› አለኝ። አፉ መራራ ነበር፤ እጁ ግን ወርቅ።»

«ያለ ጋዝ የሚሠራው ሽቦ አልቋል?»

«አንድ ጥቅል ቀርቶ ነበር። ጠዋት ማሽኑ ላይ ሲገጥመው አይቻለሁ።»

«አንተ ሽቦ ስትቀይር ምን ታደርጋለህ?»

«ገመድ እገለብጣለሁ፣ ጥቅል እለውጣለሁ። ኧረ እጄ ተኝቶም ያደርገዋል!»

ታዴዎስ በበኩሉ ወንበር ስባ እስክትቀመጥ እንኳ አልታገሣትም።

«ያ ሽቦ ካለቀ ሰነበተ። አዲሱን የጫነው መኪና አዋሽ ሰባት ኪሎ ተበላሽቶ ቆሟል። ታዲያ በጋዙ ካልሆነ በምን ሊበይድ ኖሯል?»

«ሽቦ መቀየር ይከብዳል እንዴ፣ አቶ ታዴዎስ? እርስዎ ያውቁታል ብዬ ነው።»

«ምኑ ይከብዳል! ጥቅል አውጥቶ ጥቅል ማስገባት ነው። ሳይንስ አታድርጉት።»

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሁሉንም ማሽኑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሠራተኞቹም ከኋላ ተኮለኮሉ።

«እሸቴ በጋዝ አልበየደም» አለች። «ወለሉ ላይ ያለው ጥላሸትና ፍንጣሪ ያለ ጋዝ ከሚሠራው ሽቦ የመጣ ነው። ታዲያ ጋዙ ታንኩ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?»

ወደ ማሽኑ ጠቆመች።

«ማሽኑ ላይ ያለው ግን የጋዙ ሽቦ ነው። ጫፉን እዩት፤ በፒንሳ እንደተቆረጠ ያብለጨልጫል። አንዴም አልነደደም። የተገጠመው እሸቴ ከሞተ በኋላ ነው። ካሕሳይ፣ ገመዶቹ የታሰሩት ለየትኛው ሽቦ ነው?»

ካሕሳይ ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ያለ ጋዝ ለሚሠራው! አልተገለበጡም።»

«አንተ ብትቀይረው እጅህ ይገለብጣቸው ነበር። ፋሪሃም ታውቃለች። ሽቦ መቀየር ጥቅል መለወጥ ብቻ የሚመስለው አንድ ሰው ነው። ሽቦው አልቋል ያለኝም እሱ ብቻ ነው።» ወደ ታዴዎስ ዞረች። እርስዎ ማለቱን እዚያው ላይ ተወችው። «ማራገቢያውን አጠፋህ። የጋዙን ቱቦ በመግቢያው አውርደህ ሲሊንደሩን ከፈትክ። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ላይ ተኝቶ የሚሠራውን ሰው ቀድሞ ያገኘዋል። ከሞተ በኋላም በጋዝ ሲበይድ የነበረ እንዲመስል ጥቅሉን ለወጥክ።»

«የታንኩ ምርቃት ደርሶ ነበር!» ጮኸ ታዴዎስ። «ያለቀ ታንክ ሊቀደው! በሰው ሁሉ ፊት ሊያዋርደኝ!»

«ከታንኩ ሥር የሚኖሩትስ ሰዎች?» አለች ፋሪሃ።

ተስፋነሽ ሠራተኞቹን ሰንጥቃ ፊቱ ቆመች።

«ጥፋቱ የማን ነው?»

ታዴዎስ ፊቱን አዞረ። ንጋትወርቅ ካቴናውን እንደያዘች ጠበቀች፤ አላጣደፈችም።

«የሱ… አይደለም።»

«አልሰሙህም። ቅድም እንዳልከው አድርገህ በለው።»

«የእሸቴ ጥፋት አይደለም!»

ተስፋነሽ ወደ ሠራተኞቹ ዞረች።

«ሰምታችኋል። አሁን ኑና እንቅበረው።»