ኮት ያስለበሰው መልእክት

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ሞተው የተገኙት ኮታቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ኮምፒውተራቸው ፊት እንደተቀመጡ ነው። የስልኩ እጀታ ከእጃቸው አልወደቀም። ሐኪሙ ልባቸው መቆሙን ተናገረ። ስልኩ ለምን እንዳልሠራ ግን ሐኪም አይመልሰውም።

መርማሪዋ የተጠራችው ለዚሁ ነው። ዓይኗ ከአፏ የሚቀድም ሴት ናት፤ በእኛ ሰፈር ብርቅ የሆነ ጠባይ።

«ስልካቸው በኢንተርኔት መስመር ነው የሚሠራው» አለ የኢንተርኔት ድርጅቱ ኃላፊ። «ከቤታቸው በኢሜይል ቫይረስ ሲሰራጭ መስመሩ ተቋረጠ። ውሉ ላይ አለ፤ ተጠያቂው ደንበኛው ነው።»

«ደንበኛው ሞተዋል።»

ኃላፊው የውሉን ወረቀት ወደ ቦርሳው መለሰ።

ልጃቸው፣ የአንድ ንግድ ቢሮ ጸሐፊ፣ በእንባ በራሰ መሐረቧ የአባቷን ተከራይ፣ ስልክ ጠጋኙን፣ አመለከተች። «ከሱ በቀር ኮምፒውተሩን የሚነካ የለም። እሱን እሰሩልኝ።»

«እኔ ያልኳቸው አንድ ነገር ነው» አለ ተከራዩ። «‹አባባ፣ የማያውቁት ሰው የላከውን አይክፈቱ።› እሳቸውም ‹ሳልለካው ሱሪ የሰፋሁለት ሰው አለ?› ብለው ሳቁብኝ። እውነትም ከፍተው አያውቁም።»

መርማሪዋ አልጋው ላይ የተጣለውን የዘወትር ሹራብ አነሳች። ካውያው ጠረጴዛው ላይ እንደቆመ ነው።

«ኮቱን መቼ ነው የሚለብሱት?»

የልጅቱ ድምፅ ወረደ። «በቪዲዮ ስንገናኝ። ‹ልጄ ፊት በሹራብ አልቀርብም› ይለኝ ነበር።»

«ያን ቀን ቀጠሮ ነበራችሁ?»

«አልነበረንም። ሥራ በዝቶብኝ... ከደወልኩ ቆየሁ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም በስፌት መኪናው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«አባባ የማያውቁትን አይከፍቱም። ስለዚህ ቫይረሱ የመጣው በሚያውቁት ሰው ስም ነው። ኮት የሚለብሱት ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እህቴ፣ የቢሮሽን ኮምፒውተር ቫይረስ ይዞት ነበር?»

«ይዞት ነበር» አለች ልጅቱ መሐረቧን እያጣጠፈች። «በስሜ ‹ፎቶዬን እዩልኝ› እያለ ለማውቀው ሁሉ ተላከ። ለደንበኞቻችን አንድ በአንድ ደውዬ እንዳይከፍቱ ነገርኳቸው።»

«ለአባትሽስ?»

«አባዬ ኢሜይል መቼ ያያል ብዬ...»

«በየማለዳው ያያሉ» አለ ተከራዩ ቀስ ብሎ። «የሚጽፍላቸው አጥተው እንጂ።»

መርማሪዋ ወደ ኃላፊው ዞረች። «የቢሮዋንስ መስመር ቆረጣችሁት?»

«ቢሮው ትልቅ ደንበኛ ነው። አስጠነቀቅነው።»

«ለአባባ ግን የደወለ የለም። ፎቶው አልከፈት ሲላቸው ደጋግመው ተጫኑት፤ በተጫኑት ቁጥር ቫይረሱ ወደ ሌሎች ተላከ። እናንተ መስመሩን ቆረጣችሁ። ልባቸውን ሲያማቸው ስልኩን አነሱ፤ ድምፅ የለውም። ውሉ አንድ ተጠያቂ ያውቃል። እኔ ሁለት እቆጥራለሁ፤ ተከራዩ ግን ከሁለቱ አንዱ አይደለም።»

ተከራዩ ነጻ ወጣ፤ ደስ ያለው ግን አይመስልም።

«አሁን መስመሩን መልስ» አለችው ኃላፊውን።

ኃላፊው ወደ ድርጅቱ ደወለ። ጥቂት ቆይቶ የኮምፒውተሩ መብራት ብልጭ አለ፤ ወዲያው የልጅቱ ስልክ ጮኸ። መስመር አጥቶ አባቷ ኮምፒውተር ውስጥ የቆመ መልእክት ነበር።

«ልጄ፣ ፎቶሽ አልከፈት አለኝ። እንደገና ላኪልኝ። ኮቴን አላወለቅኩም።»