የቀንድ አውጣ ተራ

ክረምቱ ከባድ ነበር። የልጅቷ አባት ከሚሠራበት ጋራዥ ተቀነሰ፤ ዋይፋዩ ተቆረጠ፤ የእሷም ስልክ ተሰብሮ ማሠሪያ ገንዘብ ጠፋ። መብራቱ እንዳሻው ይሄዳል፣ እንዳሻው ይመጣል። ለጨዋታ የቀራት፣ እናቷ ከሥራ ስትገባ የምትለምነው ስልክ ብቻ ነበር። አሁን ክረምቱ ቢወጣም የያዘችው ያንኑ ስልክ ነው።

የስልክ ጨዋታ ቡድናቸው ደንብ ቀልድ አያውቅም። ተመዝግቦ የተሰለፈ ሰው ስሙ ሲጠራ ወዲያው «አለሁ» ብሎ ይጽፋል። ከዘገየ ያ ጨዋታ ያመልጠዋል፤ ግን ከሰልፉ ፊት ሳይነሣ ቀጣዩን ይጠብቃል። አሁን ይህ ይቀየር፣ የዘገየ ወደ ጭራ ይውረድ ተብሎ ቡድኑ ከትናንት ጀምሮ ይንጫጫል።

ሐሳቡን ያመጣው የአክስቷ ልጅ ነው። በፍጥነቱ መብረቅ ይሉታል። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይጎረጉራል።

«እኩል ለእኩል ሆነናል። የቀረሽው አንቺ ነሽ፤ ድምፅሽን ስጪና ገላግዪን» አላት።

«ቀንድ አውጣስ?»

«ባክሽ ላሽ በዪው! የሱ ኔትወርክ እስኪደርስ እኛ እናርጅ?»

ቀንድ አውጣን በአካል አታውቀውም። መልእክቱ ሁሌ ስለሚዘገይ ያወጡለት ስም ነው። ክረምት ላይ ተራዋ አልፎ የዋንጫው ግጥሚያ ሊያመልጣት ሲል፣ «ቦታዬን ለእሷ» ብሎ የጻፈው እሱ ነበር። እሷ ተጣድፋ ገባች። አመሰግናለሁ እንኳ አላለችም።

ስልኩ ላይ «ቀንድ አውጣ እየጻፈ ነው» ይላል። ይጠፋል። ደግሞ ይመጣል። ስለ ራሱ ሊከራከር እየታገለ እንደሆነ ገባት።

«ድምፅ መስጫው ሊዘጋ ነው!» አለ መብረቅ። «እምቢ ካልሽ ለውድድሩ ሌላ አጣማሪ ፈልጊ። እኔን እርሺኝ።»

«ስልኬን አምጪ እንጂ አንቺ ልጅ!» እናቷ ከሳሎን ተጣራች።

«መጣሁ እማዬ!»

«አይቀየር» የሚለውን ነካች።

መብረቅ ብድግ አለ። «ለማታውቂው ሰው ብለሽ?»

«እሱስ ያውቀኝ ነበር?»

በሩን በርግዶ ወጣ። በተከፈተው በር እናቷ እጇን ዘርግታ ገባች። ይኼኔ ስልኩ ጮኸ።

«አለሁ። ድምፅ መስጫው ተዘጋ እንዴ?» ይላል ቀንድ አውጣ።

«ተዘግቷል። ቦታህ አለ» ብላ ጻፈችለትና ስልኩን ለእናቷ ሰጠች።