ከሰባት ቤት ወዲያ

የትናየት አንዷለምን የተዋወቀችው በመርፌ ነው።

በ1996 ክረምት፣ ሰቆጣ ጤና ጣቢያ በነርስነት ስትሠራ፣ አንድ ቀጠን ያለ ወጣት በረዶ የታጨቀበት ሰማያዊ ሣጥን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ከኮረም አውቶቡስ እንደወረደ በቀጥታ መርፌ ክፍሉ ገባ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«ደም የሚቀዳልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አላት።

«ከማን?»

«መጀመሪያ ከእኔ።»

ከላይ እስከ ታች አየችው። «ምን አመመዎት?»

«ምንም። የምቀዳው ጤነኛ ስለሆንኩ ነው።»

እንዲህ የሚል በሽተኛ ገጥሟት አያውቅም። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወንበር ሰጠችው። እሱም እጅጌውን እየሰበሰበ አወራላት። የሰቆጣ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ አሁን ሆላንድ አገር ለዶክትሬቱ ይመራመራል። የሚመራመረውም ጡንቻን እያከሳ ሰውን ከእግሩ ስለሚጥል በሽታ ነው። ልጁ ደህና ያድግና አሥራዎቹ ውስጥ ሲገባ ዳገት ያቅተዋል፣ ክንዱን ማንሳት ያቅተዋል፣ በመጨረሻም ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸው ቤተሰቦች በዋግ እንዳሉ ሰምቶ መጥቷል።

«የእነሱን ደም ከጤነኛ ደም ጋር አነጻጽራለሁ። የፈረንጅ ደም ለዋግ ሰው ማነጻጸሪያ አይሆነኝም። ከእኔ የቀረበ የዋግ ጤነኛ ደግሞ ከየት አመጣለሁ?»

ክንዱን በጎማ አሰረችና ደም ሥሩን በጣቷ ፈለገች። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ፊቱን ያዞራል፤ እሱ ግን መርፌውንም ግድግዳውንም ትቶ እሷን ነበር የሚያየው። ሦስት ዓመት ሙሉ መርፌ የጨበጠች ናት፤ ያን ቀን ግን ደም ሥሩን ሁለት ጊዜ ፈለገችው።

«እጅሽ ቀላል ነው» አላት። ከዚያ ሰውን ሁሉ እንደሚጠይቀው ጠየቃት፤ «እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ሰው አለ?»

«የለም» አለች።

ዋሸች። ወንድሟ ትእዛዙ ቤት ከተቀመጠ ቆይቷል። የመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ልጅ፣ በድምፁ የተመሰገነ ዲያቆን፣ መጀመሪያ ጸናጽል ማንሳት አቃተው፤ ቀጥሎ መቆም። እናታቸው ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ግን ለሰቆጣ ሰው ሁሉ «ከበቅሎ ወድቆ ወገቡን ተጎዳ» ብለው ነግረው ጨርሰዋል። በዚያ አገር ልጅ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ደጅ ከመርገጣቸው በፊት በስውር የሚያጣሩት ሁለት ነገር አለ፤ ዘሩ በሰባት ቤት ውስጥ ይገናኛል ወይ፣ በቤቱ የሚወረስ በሽታ አለ ወይ። ከበቅሎ መውደቅ አይወረስም። እናት ለሴት ልጃቸው ሲሉ በቅሎዋን ፈጠሯት፤ ቤተሰቡም ከበቅሎዋ ጋር መኖርን ለመደ።

የትናየት የአገሩን ቋንቋ ኽምጣንጋን አቀላጥፋ ስለምትናገር ጤና ጣቢያው ከአንዷለም ጋር ወደ ገጠር ላካት። የእሱ ኽምጣንጋ ዝጎ ነበር፤ አፉን በከፈተ ቁጥር ታሾፍበት ጀመረች። አምደወርቅ ሄዱ፣ ወደ ዋጉ ዝቋላም ወረዱ። ትላልቅ ወንድ ልጆቻቸውን አዝለው የሚያወጡ እናቶችን አዩ።

«መድኃኒቱ ምንድን ነው?» አለችው አንድ ቀን ዳገት ሲወጡ። «እርስዎ» ማለቱን በየትኛው ዳገት ላይ እንደተወችው አታስታውስም።

«ቫይረስ።»

«ቀለድክ።»

«አልቀለድኩም። ቫይረስ የሚያውቀው አንድ ሥራ ሰው ሰውነት ውስጥ መግባት ነው። እኛ ክፉውን ከሆዱ አውጥተን በምትኩ ለሰውየው የጎደለውን ጂን እንጭነዋለን። እሱ ይገባል፣ ጭነቱን ጡንቻው ውስጥ ያራግፋል።»

«እንደ በቅሎ በለኛ።»

«ልክ እንደ በቅሎ።»

በራሷ ቃል ተወጋች። ጥቂት ከሄዱ በኋላ፣ «እና ይሠራል?» አለችው።

«ለአይጥ ይሠራል።»

«ለሰውስ?»

ቆም ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ አገር፣ ለሌላ በሽታ፣ በቫይረስ የተሞከረበት ወጣት ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ፈርቶ ነው የሚራመደው። ደግሞ የአይጥ እግር ምን ያህል ናት? ለአንድ ሰው ሙሉ አካል የሚበቃ ቫይረስ ማምረት ገና አልቻልንም። ይደርሳል ብዬ ነው የምሠራው። መቼ እንደሆነ አላውቅም።»

ቢዋሻት ኖሮ የራሷ ውሸት ይቀልላት ነበር። አለመዋሸቱ ግን አንጀቷን በላው። ከተማው ዳር ሲደርሱ ቆመች።

«እኔ ዋሽቼሃለሁ። ወንድሜ ታሟል። ከበቅሎ ወደቀ የምንለው ለሰው ነው።»

ሣጥኑን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረና «ውሰጂኛ» አላት።

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ልጃቸውን በዓይናቸው ሊገድሏት ደረሱ። ትእዛዙ ግን መደቡ ላይ እንደተቀመጠ አይጦቹን በዝርዝር ጠየቀ፤ መሮጣቸውን ሲሰማ «እኛ ቤት ያሉትስ ያለ መርፌም ይሮጣሉ» አለና ሁሉንም አሳቀ። ያን ቀን የአራቱም ደም ተቀዳ፤ የአባት፣ የእናት፣ የትእዛዙና የእሷ።

አንዷለም ሄደ፤ ፍቅሩ ግን እዚያው ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሆላንድ ይደውላል። የትናየት ነጠላዋን አጣፍታ ቴሌ አግዳሚ ላይ ትጠብቃለች፤ ኦፕሬተሯ «የትናየት፣ ሁለት ቁጥር ግቢ» ስትል ወረፋ የያዘው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። የስልክ ሣጥኑ ውስጥ ገብታ «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ከማለት ሌላ የምትደፍረው የለም። እሱም «ደህና» ይልና ሁለቱም ዝም ይላሉ። ለዚያ ዝምታ እንዲያ ያለ ሂሳብ የሚከፍል ሰው መኖሩን ኦፕሬተሯ እስከ ዛሬ ታወራለች።

በተከታዩ ዓመት ሽማግሌ ላከ። ሰቆጣ ውስጥ ዘር ቆጠራ ላይ አቶ ምሳውን የሚያህል የለም። በአባትም በእናትም በኩል ሰባት ቤት ቆጥረው «አይገናኙም፤ ንጹሕ ነው» አሉ። ትእዛዙም ሳይደበቅ እንግዶቹ ፊት ተቀመጠ፤ አንዷለም አስቀድሞ ለወላጆቹ ነግሯቸው ነበር። ሠርጉ ለጥር 1998 ተቆረጠ።

ታኅሣሥ ላይ አንዷለም መጣ። እናቱ ቤት እንኳ ሳይደርስ መርፌ ክፍሉ በር ላይ ቆመ። ፊቱን ስታይ ሰው የሞተ መሰላት።

«ሠርጉን ማቆም አለብን» አላት።

የያዘችውን ጥጥ አስቀመጠች። «ተናገር።»

«የትእዛዙን ጉድለት አገኘነው፤ ጂኑ ላይ ቦታውን ሳይቀር። ግን በጤነኛው ደም ላይም ያው ጉድለት በግማሽ ይታያል። ናሙናው ተነካክቷል፣ ቤተ ሙከራው ቆሽሿል እያልኩ ወራት ሙሉ እንደ አዲስ ደጋገምኩት። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ‹ለመሆኑ ጤነኛው ማነው?› አለችኝ።»

«አንተ ነህ» አለች የትናየት። ያን ደም የቀዳችው እሷ ናት።

«እኔ ነኝ።»

«ልትታመም ነው?»

«አልታመምም። ሰው ይህን ጂን ከአባቱ አንድ፣ ከእናቱ አንድ ይወርሳል። አንዱ ደህና ከሆነ ይበቃዋል። የእኔ አንዱ ደህና ነው። የአንቺም አንዱ ብቻ ነው ደህና የሆነው፤ አይቼዋለሁ። ሁለታችን ከወለድን ግን ከአራት አንዱ ሁለቱንም የተበላሸ ይወርስና...» ቀሪውን አልጨረሰውም።

«ሰባት ቤት ተቆጥሯል እኮ።»

«ከሰባት ቤት ወዲያ አንድ ሰው ነበረ። ለሁላችንም ያወረሰን እሱ ነው።»

በኮሪደሩ የታካሚዎች ሳል ይሰማል።

«ሦስቱስ?» አለችው።

«ምን ሦስቱ?»

«ከአራት ሦስቱ።»

አንገቱን ደፋ። «ይህን በሽታ ሳሳድድ ወጣትነቴን ጨረስኩ። አሁን አውቄ፣ በገዛ ቤቴ ልውለደው? አልችልም የትና። ለሰው ‹ተወኝ› በዪ። ጥፋቱ የእኔ ይሁን።» ይህን ብሎ ወጣ።

እቤት ወሬውን ስትናገር ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ «ታዲያ ማን ያውቃል? ዝም ማለት ነዋ» አሉ። አባቷ መሪጌታ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀኖናው የሚጠይቀው ሰባት ነው፤ ሰባቱ ንጹሕ ነው። እኔ አልከለክልም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁለቱ ይወስኑት» አሉና ወደ ደጅ ወጡ።

የትናየት አልጋዋ ላይ ወድቃ አለቀሰች። እንባዋ ሲያልቅ ትእዛዙ ከመደቡ ላይ ጠራት።

«የትና፣ ነይ እስቲ። ከአራት አንዱ የተባልኩት እኔ ነኝ?»

አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለእኔ ብለሽ እንዳታሳምሪው። እኔ ባልወለድ ይሻልሽ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ» ለማለት አፏን ከፈተችና ተወችው። ይህ ልጅ በማሳመር ስንት ዓመት ተደብቋል። እሱን ማገላበጡ፣ ማጠቡ፣ ጓደኞቿ ሲጫወቱ እሷ ቤት የቀረችባቸው በዓላት ሁሉ ፊቷ ላይ ድቅን አሉ።

«የደከመኝ ቀን ብዙ ነው» አለችው። «ያመረርኩበትም ቀን አለ። ባልተወለደ ያልኩበት ቀን ግን የለም።»

ትእዛዙ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እኔም እንደዚያው ነኝ። ይደክመኛል፣ አንዳንዴም አማርራለሁ፤ መወለዴን ግን አልጠላሁትም። ያ ሰውዬሽ ደሜን ሆላንድ ድረስ ወስዶ ሲጠይቀው፣ እኔን እዚሁ ቁጭ እንዳልኩ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም።»

የትናየት ብድግ አለች። ፊቷን ታጥባ ነጠላዋን አደረገችና ወጣች። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። የታጨች ልጅ ከሠርጓ በፊት በገዛ እግሯ ወደ አማቶቿ ቤት ስትሄድ ሰቆጣ አይቶ አያውቅም። ሴቶች እየተጠቃቀሱ ቆመው አዩዋት። እሷ ግን አልተመለሰችም።

የአንዷለም ወላጆች ቤት ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሠርጉ እንዴት ያለ ነውር እንደሚፈርስ ይመክራሉ። አቶ ምሳው በሰባት ቤት ያላገኙትን ሰው በስምንተኛውና በዘጠነኛው እየፈለጉ በጣታቸው ይቆጥራሉ። እናቱ ወይዘሮ ደብሬ የትናየትን በሩ ላይ ሲያዩ ደርቀው ቀሩ። አንዷለም ጥጉ ጋ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች ለአዛውንቶቹ እጅ ነስታ። «አንድ ነገር ጠይቄው እሄዳለሁ።» ወደ እሱ ዞረች። «ያ ከአራት አንዱ ቢመጣብን ምን ታደርጋለህ?»

ቀና ሳይል «መድኃኒቱ እስኪደርስ እሸከመዋለኋ» አለ።

«መድኃኒቱ ባይደርስስ?»

አቶ ምሳው ቆጠራቸውን አቋረጡ። አንዷለም ከዚህች ጥያቄ ሲሸሽ ነው የኖረው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲያድር፣ አይጦቹን ሲያሯሩጥ፣ ይደርሳል ይደርሳል ሲል ሁሉ። ፈርቶ ነው የተዋት፤ አሁን እሱም አወቀው። ቀና አለ። ዓይኖቹ በእንባ ተሞልተዋል፤ ከእሷ ላይ ግን አልነቀላቸውም። የትናየት ተስፋ ቆርጣ ወደ በሩ ልትዞር ምንም አልቀራትም።

«እሸከመዋለሁ» አለ።

«ባይደርስም?»

«ባይደርስም።»

ወይዘሮ ደብሬ ጠጋ ብለው ለየትናየት ቦታ ለቀቁላት፤ አጠገባቸው ቁጭ አለችና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«እንግዲያው ሠርጉ በቀኑ ነው» አለች።